ለደብረ ብርሃን–ሸዋ ሮቢት ሚኒባስ ዳሽካም፦ ሰዓቱን ሳታስተካክል አትነሳ

ወንድሜ፣ «ዶልፊኔ ላይ ዳሽካም (መስታወት ላይ ተለጥፎ መንገዱን የሚቀርፅ ካሜራ) ልገጥም ነው፤ ሰው መቅረፅ ያስጠይቃል ወይ? አደጋ ቢደርስስ ትራፊክ ይቀበለኛል?» ላልከው። የትኛውን ካሜራ ግዛ አልልህም፣ እሱን ሻጩ አሳምሮ ይነግርሃል።

1. መንገድ መቅረፅና ሰው ማሳየት ለየቅል ናቸው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ አደባባይ ማውጣትና ማባዛት ይከለክላል፤ ቁጥር 28 ለፍትሕና ለፖሊስ ሥራ ሲሆን ፈቃድ አያሻም ይላል። ለትራፊክ መስጠት ሌላ፣ የተጎዳን ሰው ፊት ቲክቶክ ላይ መልቀቅ ሌላ። ወደ መኪናው ውስጥ የሚያየውን ካሜራና ድምፅ መቅጃውን አጥፋ። ተሳፋሪ በስልክ የቤቱን ጉድ ሲያወራ ቀድተህ ምን ልታደርገው ነው? የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ነገሩ ቀልድ አይደለም። ኬላ ሳትደርስ የካሜራውን ሶኬት ንቀል፤ እዚያ አንቀጽ ቆጥረህ አትረታም።

2. ሰዓቱ። ብዙ ሰው የሚበላው እዚህ ላይ ነው። ካሜራው የቤጂንግን ሰዓት ይዞ ከመጣ ከእኛ በ5 ሰዓት ይቀድማል። ከጠዋቱ 2:15 ብትጋጭ በፈረንጅ 08:15 ማለት ሲገባው 13:15 ይላል። ትራፊኩ በሚያነሳው የአደጋ ፕላን ላይ 2:15፣ ቪዲዮው ላይ 13:15፤ «ይሄማ የሌላ ጊዜ ነው» ባይ አይጠፋም። የሰዓት ዞኑን (UTC) +3 አድርግ። ቀኑም በፈረንጅ ነው፦ ጥር 12 ቀን 2017 እዚያ 2025-01-20 ነው፤ ስታስረክብ ሁለቱንም ጻፍ። ውስጡ ሊቲየም ባትሪ ያለውን አትግዛ፣ የሸዋ ሮቢት ፀሐይ ያሳብጠዋል። ባትሪው ከሞተ ሞተር ባጠፋህ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ፋብሪካው ቀን ይመለሳል። በባትሪ ፈንታ ካፓሲተር (ኃይል ለአፍታ የሚይዝ፣ ሙቀት የሚችል ዕቃ) ያለው ይሁን።

3. 32 ጂቢ ካርድ በ1080 ጥራት 4 ወይም 5 ሰዓት ገደማ ይይዛል፤ ከዚያ አሮጌውን እየደመሰሰ ይቀጥላል። የንዝረት መለኪያውን (G-sensor) ስሜት ከሴቲንጉ ዝቅ አድርግ፤ አለዚያ እያንዳንዱን ጉድጓድ አደጋ ነው ብሎ እየቆለፈ ካርዱን ይሞላዋል። ከተጋጨህ የመቆለፊያውን ቁልፍ ተጫን፣ ካሜራውን አጥፋ፣ ካርዱን አውጣ። በዚሁ ቅደም ተከተል። መስታወቱ ላይ መጥረጊያው የሚደርስበት ቦታ ለጥፈው፤ የጣርማ በር ጉም ሲወርድ ሌላው ቦታ ነጭ ሸማ ነው።

4. «በቴሌግራም ላክልኝ» የሚል መርማሪ አለ፤ ፍላሽ ስትሰጠው ደግሞ ይቆጣሃል። ይቆጣ! በቪዲዮ መልክ ስትልከው ይጨመቃል፣ የታርጋ ቁጥሩ ይደበዝዛል። የግድ ካለህ «ፋይል» ብለህ ላከው። አትቁረጠው፤ ከግጭቱ በፊትና በኋላ ያሉትን ፋይሎች ጨምረህ በፍላሽ ስጥ፣ የፋይሎቹን ስም ጽፈህ አስፈርም። ዋናው ካርድ ግን ፍርድ ቤት እስኪጠይቅህ ድረስ ከእጅህ አይውጣ።