ከሾላ የወጣ ሁሉ የሾላ ወዳጅ አይደለም፦ ተርብ ማጥናት ለምትጀምሩ

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ባዮሎጂ ወይም ዕፅዋት ጥበቃ ለምትማሩ ልጆች፣

ፈጣንና ነገር የማያመልጠውን ልጅ «ተርብ ነው» እንለዋለን፤ ተርቧን ራሷን ግን በወጉ ያጠናት ጥቂት ነው። ጉድለቱ የእኛ ብቻ አይደለም። በ2018 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ውሰዱልኝ) የታተመ አንድ ጥናት ንብንና ተርብን የሚመለከቱ 908 ጽሑፎችን ቢፈትሽ የተርብ ሆነው የተገኙት 22 ብቻ ነበሩ። አብሽሩ፤ ያልተነካ ሥራ ሞልቷል።

ስሙ ራሱ ያሳስታል። ወንዝ ዳር የሚያንዣብበውን «የውኃ ተርብ» እንላለን፤ እሱ ግን ተርብ አይደለም። ጉንዳንና ንብ ደግሞ ከተርብ ዘር የወጡ ናቸው። ንብ ማለት ከ120 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አደን ትታ ልጆቿን በአበባ ብናኝ ማሳደግ የጀመረች ተርብ ናት ብትሉ አልተሳሳታችሁም። መውጊያዋ ዱሮ ዕንቁላል መጣያ ነበር፤ ወንዱ የማይናደፈውም ለዚህ ነው። ብዙዎቹ ዝርያዎች ጎጆ ሠርተው ሰው የሚነድፉት ሳይሆኑ በሌላ ነፍሳት ገላ ውስጥ የሚያድጉ ጥቃቅን ጥገኞች ናቸው። ስለዚህ ጣሪያ ሥር ከተንጠለጠለው ጎጆ አትጀምሩ። ከሾላ ጀምሩ።

ሾላ የሚለው ስም ከአንድ በላይ ዛፍ ላይ ይወድቃል፤ ባምባንም ሾላ የሚል ብዙ ነው። ከፍሬው ጋር ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ በጋዜጣ መካከል ተጭናችሁ አድርቁ። እዚህ የምጽፈው ስለ ባምባው ነው። ሊበስል የቀረበ፣ ግን ገና ያልተበሳ ፍሬ 20 ያህል ልቀሙ፤ እያንዳንዱን በየራሱ ብልቃጥ ከታቹ ሶፍት አንጥፋችሁ አስቀምጡና አፉን በሻሽ እሰሩ። አጎበር አይሆንም፤ ተርቧ በጣም ትንሽ ስለሆነች በቀዳዳው ሾልካ ትሄዳለች። ሶፍት ካልተነጠፈ ፍሬው ያልበዋል፣ የወጡትም በርጥበቱ ተጣብቀው ይሞታሉ። በሁለት ቀን ውስጥ ምንም ካልወጣ ፍሬው ያለ ጊዜው ተቆርጧል ማለት ነው።

አንዱን በምላጭ ለሁለት ክፈሉት። በግድግዳው ዙሪያ የታጨቁት አበቦች ናቸው፤ ገሚሶቹ እንደ ፊኛ ተነፍተዋል። መጀመሪያ የሚፈለፈሉት ክንፍ አልባ ወንዶች ናቸው። ሴቶቹን ገና በፊኛቸው ውስጥ ሳሉ ይገናኟቸዋል፣ ከዚያም ግድግዳውን በስተው መውጫ ያበጁላቸዋል፤ ሴቶቹ ሌላ ፍሬ ፍለጋ ሲበሩ ወንዶቹ እዚያው ያልቃሉ። አሁን የፍሬውን አፍ በማጉያ መነጽር ተመልከቱ፦ በቅርፊቶቹ መካከል ተጣብቀው የቀሩ ክንፎች ታገኛላችሁ። እናትየው ስትገባ የተነቀሉ ናቸው። የገባች አትወጣም።

ከዚያ የሚወጡት ሴቶች ግን ሁሉም አንድ አይደሉም። ሴራቶሶለን አራቢከስ ደረቷ ላይ ባለ ኪስ ብናኝ ጭና ለሚቀጥለው ፍሬ ታደርሳለች። ዘመዷ ሴራቶሶለን ጋሊሊ በዚያው አፍ ገብታ እዚያው ዕንቁላሏን ትጥላለች፣ ብናኝ ግን አታደርስም። ጀማሪ ሁለቱንም ደምሮ «ይህን ያህል አዳቃይ ተርብ» ብሎ ይጽፋል። ሥራዋን ያላያችሁላትን ተርብ በሥራ አትመዝግቧት። ዛፉ ብቻውን ስለቆመም ጎረቤት የለውም አትበሉ፤ በ2009 የታተመ የናሚቢያ ጥናት አራቢከስ የባምባ ብናኝ እስከ 160 ኪሎ ሜትር ድረስ እንደምታደርስ በዘር ምርመራ አሳይቷል።

ሁለተኛው ሥራ መጤ ተምች ነው። በ2017 አገራችን እንደገባ ኮቴሲያ ኢሲፔ የምትባል ጥገኛ ተርብ ያዘችው፤ በ2018 በታተመ ቆጠራ ላይ ከተሰበሰቡት የተምቹ ትሎች ከ33.8 እስከ 45.3 በመቶውን ይዛ ተገኝታለች። በቃሉ የበቆሎ ማሳ ላይ ይህን መቁጠር ትችላላችሁ። ትሎቹን አንድ ዕቃ ውስጥ አታከማቹ፤ ይበላላሉ። ለእያንዳንዱ የራሱ ብልቃጥ፣ ጠዋት ጠዋት ትኩስ ቅጠል። ትላልቁን ብቻ ብትለቅሙ ቁጥራችሁ ያንሳል፣ ተርቧ የምትይዘው ትንንሾቹን ነውና። 100 ሰብስባችሁ 30ው ያለ ምክንያት ቢሞቱና ከ21ዱ ተርብ ቢወጣ ውጤቱ 21 በመቶ ነው ወይስ ከ70ው 30 በመቶ? ሁለቱንም ጻፉ፤ አንዱን መርጦ ሌላውን መደበቅ ነው ጥፋቱ።

የተርቧ ትል ከተምቹ ገላ ወጥታ ድር ትፈትልና በውስጡ ትተኛለች። ከዚያ ድር የሚወጣውም ሁልጊዜ ኮቴሲያ አይደለም፤ ኮቴሲያን ራሷን የሚበላ ሌላ ጥገኛ ተርብ ሊሆን ይችላል። እሱን በወዳጅ መዝገብ ያሰፈረ የገበሬውን ጠላት አጋር አደረገው ማለት ነው።

ኮምቦልቻ የለቀማችሁትን ደሴ ወስዳችሁ አታሳድጉ። ሐረጎን ወጥታችሁ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ስትሉ ሙቀቱ በግምት 4 ዲግሪ ይወርዳል፤ ዕድገታቸው ይዘገያል፣ የቀን ቆጠራችሁም ይበላሻል። የትኛዋ ተርብ በየትኛው ከፍታ እንደምትገኝ ለሚጠይቅ ግን ያ ዳገት ሀብት ነው፦ በየ150 ሜትሩ ከፍታ ውኃና ጥቂት ጠብታ ላርጎ ያለበት ቢጫ ሳህን አኑሩ። ላርጎው የውኃውን ገጽ ያላላዋል፣ ያረፈውም ይሰምጣል። በ24 ሰዓት ውስጥ ሰብስቡ፤ ከቆየ ይበሰብሳል፣ በክረምት ደግሞ ዝናቡ ሳህኑን ሞልቶ ያፈሰዋል።

ለዘር ምርመራ የሚቀመጠው 95 በመቶ አልኮል ውስጥ ነው። ለቅርጽ ጥናት 70 በመቶ ይበቃል፦ በ100 ሚሊ ሊትር የ95ቱ ላይ 36 ሚሊ ሊትር ውኃ ጨምሩ። ካቲካላ አይተካውም፤ ደካማ ነው።

ወረቀቱን በእርሳስ ጽፋችሁ ብልቃጡ ውስጥ ክተቱ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል። ቦታ፣ ከፍታ፣ የሰብሳቢው ስም፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ከምን እንደወጣች። ቀኑ የእኛ ይሁን የፈረንጅ አስታውቁ፣ ወሩንም በፊደል ጻፉ፦ «5/3» ለአንዱ ኅዳር፣ ለሌላው ማርች፣ ለሦስተኛው ሜይ ነው።