የድሮ የሰርግ ቪሲዲ አዲሱ ላፕቶፕ ላይ አልከፍት ካለ

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ

ሰላም ወንድማችን፣ የእህቴ ሰርግ የተቀረጸው በ1997 ዓ.ም ነው፣ 3 ቪሲዲ ነው። ሁለተኛው ላይ አያታችን ድቤ እየመቱ መንዙማ ሲሉ አለ፣ አሁን በህይወት የሉም፣ ድምፃቸው ያለን እዚያ ላይ ብቻ ነው። የቤታችን ዴክ ከተበላሸ ቆየ፣ የኔ ላፕቶፕ ደግሞ ሲዲ ማስገቢያ የለውም። አንድ የሰፈር ልጅ ፍላሽ ላይ ገልብጦ ሰጠኝ፣ ስከፍተው ግን በምን ፕሮግራም ልክፈተው እያለ ይጠይቀኛል፣ ከስሙ መጨረሻ ዳት የሚል አለው። ኮምፒውተር ቤት ስወስደው ፋይሉ ኮራፕት አድርጓል ብለው መለሱልኝ። እውነት ጠፍቷል ማለት ነው? ወደ ኤምፒ4 መቀየርስ ይቻላል?

መልስ

አብሽሪ እህቴ፣ እንደነገርሽኝ ከሆነ ፋይሉ የተበላሸ አይመስለኝም። ቪሲዲ ላይ ያለ ቪዲዮ ሁሉ ስሙ ዳት ብሎ ነው የሚያልቀው፣ ውስጡ ግን ኤምፔግ 1 የሚባል የታወቀ የቪዲዮ አይነት ነው ያለው። ዳት የሚል ስም ሌሎች ብዙ ፕሮግራሞችም ለራሳቸው ጉዳይ ስለሚጠቀሙበት ዊንዶውስ ቪዲዮ ይሁን ሌላ ነገር ይሁን አያውቅም፣ ለዛ ነው በምን ልክፈተው የሚልሽ። ስለጠየቀሽ ብቻ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፣ እንደዚህ እየተባለ ስንት ሰው ሲዲውን እንደጣለ ሳስብ በጣም ነው የሚያናድደኝ።

መጀመሪያ ቪኤልሲ የሚባለውን የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም ጫኚ፣ ነፃ ነው፣ ከዛ ፋይሉን ጎትተሽ እላዩ ላይ ልቀቂው። ከተጫወተ ጥሩ። ካልተጫወተ ወይ መሀል ላይ ከቆመ መጠኑን እዪ። ቪሲዲ በደቂቃ 10 ሜጋባይት አካባቢ ነው የሚይዘው፣ ስለዚህ የ1 ሰዓት ሲዲ 600 ሜጋባይት አካባቢ መሆን አለበት፣ ያንቺ 40 ወይ 50 ከሆነ ችግሩ አገለባበጡ ላይ ነው፣ መሀል ላይ ተቋርጧል ማለት ነው፣ ሲዲው ራሱ ግን ደህና ሊሆን ይችላል።

አሁን ዋናው ነገር፣ ኮንቨርት ማድረጉን ለጊዜው ተይውና ሲዲዎቹን በደንብ አስገልብጪ። መቀየሩ መቼም ይደርሳል፣ ነገም ከነገ ወዲያም ይሆናል፣ ሲዲው ግን በየዓመቱ እየደከመ ነው የሚሄደው። ሰርግ ቤት የሚሰጡን በፋብሪካ የታተሙ ሳይሆኑ በኮምፒውተር የተቃጠሉ ሲዲዎች ናቸው፣ መረጃውን የሚይዘው ቀለም ነው፣ ቀለሙን ሙቀትና ፀሀይ ይጎዱታል። ቪሲዲ ላይ ደግሞ ሌላም ጣጣ አለ፣ ቦታ ለመቆጠብ ተብሎ ዳታ ሲዲ ላይ ያለው ተጨማሪ የስህተት ማስተካከያ ተቀንሶለታል፣ ስለዚህ ትንሽ ጭረት እንኳ ስታገኘው ቶሎ ይንገዳገዳል። በስፋት ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ የጽሑፉ በኩል ያለው ጭረት ከታች በኩል ካለው የባሰ መሆኑ ነው፣ የሚያንፀባርቀው ሽፋን ያለው እዛው ከጽሑፉ ስር ነው፣ በእስኪርቢቶ አትጻፊበት፣ የተለጠፈ ወረቀት ካለም ለመላጥ አትሞክሪ። ስትጠርጊው በንፁህ ለስላሳ ጨርቅ ከመሀል ወደ ዳር ቀጥ አድርገሽ ነው እንጂ እያዞርሽ አይደለም።

ለመገልበጥ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ የዲቪዲ ማንበቢያ ከሰው ተውሰሽ ብታመጪ ይበቃሻል፣ ወይም ሲዲ ማስገቢያ ያለው የድሮ ዴስክቶፕ ያለው ሰው ፈልጊ። ኤምፔግኤቪ የሚለው ፎልደር ውስጥ ያለውን በሙሉ ግልበጪ። አንዱ ማሽን ላይ መሀል ላይ እምቢ ካለ ተስፋ አትቁረጪ፣ ሌላ ላይ ሞክሪ፣ አንዱ ያቃተውን ሌላው ሲያነበው ብዙ ጊዜ ይታያል።

ሌላ አንድ ነገር አለ፣ ይሄን ሰው አያስበውም። ካሜራ ማኑን ታውቁታላችሁ? ቪሲዲው ከካሴት የተቀዳ ኮፒ ነው። በዛን ጊዜ ብዙዎቹ ሚኒ ዲቪ የሚባለውን ትንሿን ካሴት ነው የሚጠቀሙት፣ እሷ ላይ ያለው ምስል 720 በ576 ነጥብ ነው፣ ቪሲዲው ላይ ደግሞ 352 በ288፣ ማለትም ነጥቦቹ ወደ ሩብ ተቀንሰዋል። ካሴቱ ፎቶ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፣ ሰው በላዩ ላይ ሌላ ሰርግ ቀርጾበትም ሊሆን ይችላል፣ ግን አንድ ስልክ መደወል ነው፣ ደውዪ። ከተገኘ የ1 ሰዓቱ 13 ጊጋባይት አካባቢ ስለሚሆን ቦታ ያለው ሀርድ ዲስክ ያስፈልግሻል።

እሺ ወደ መቀየሩ። ሀንድብሬክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ እሱን አውርጂ፣ ማስታወቂያ የለውም። ፋይሉን አስገቢ፣ ፎርማቱን ኤምፒ4፣ የቪዲዮውን ኮዴክ፣ ማለትም የሚጨመቅበትን ዘዴ፣ ኤች.264፣ ድምፁን ኤኤሲ አድርጊው። ኤች.265 የሚለው ያነሰ ቦታ ይይዛል ግን የድሮ ስልክና ላፕቶፕ ላይ ያስቸግራል፣ ኤች.264 ግን አሁን ያለ እቃ ሁሉ ይከፍተዋል። የጥራት ቁጥሩ ጋ 18 አካባቢ አድርጊው፣ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ጥራቱ ይጨምራል፣ ፋይሉም ይተልቃል። ፍሬም ሬቱን፣ ማለትም በሰከንድ የሚያልፈውን የምስል ብዛት፣ እንደ ኦሪጅናሉ ተይው። ስፋቱን ግን በእጅሽ አትንኪ፣ የድሮው ምስል 4 ለ3 ነው፣ ሰው ቲቪውን እንዲሞላ ብሎ ወደ ጎን ሲጎትተው ሙሽራዋም ሚዜዎቹም ሰፍተው ይወጣሉ።

ኤችዲ እናደርግልሻለን ቢሉሽ ብር አትክፈዪ። ሙሉ ኤችዲ አንዱ ፍሬም ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ነው፣ ያንቺ ቪሲዲ 101 ሺህ አካባቢ፣ ካሜራው ወይም ሲዲው ያላስቀመጠውን ኮንቨርተር ከየት ያመጣዋል? ፋይሉ ይተልቃል እንጂ የአያትሽ ፊት አይጠራም። ድምፃቸው ግን ቪሲዲ ላይ በጥሩ ሁኔታ ነው የሚቀመጠው፣ በጆሮ ማዳመጫ ስትሰሚው ድቤው ሁሉ ጥርት ብሎ ይሰማሻል ብዬ አስባለሁ።

መብራት ነገር ደግሞ አለ። ኤምፒ4 ፋይል ማውጫውን የሚጽፈው ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው፣ እየቀየርሽ መብራት ከጠፋና ኮምፒውተሩ ድርግም ካለ እስከዛ የተሰራው አይከፈትም፣ ከመጀመሪያው መጀመር ነው። ባትሪው የሚይዝ ላፕቶፕ ላይ ስሪው። ከጨረስሽ በኋላ ዳቱን እንዳታጠፊው፣ መቀየር በተደጋገመ ቁጥር ጥራት ይቀንሳል፣ ወደፊት ሌላ ፎርማት ሲመጣ መነሳት ያለብሽ ከሱ ነው። አንዱን ኮፒ አንቺ ጋ፣ አንዱን እህትሽ ጋ አድርጉት፣ ፍላሽ ላይ ብቻ ግን አታስቀምጡት።

ጥያቄ፣ ከደሴ

ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው የምኖረው፣ መምህር ነኝ። የተማሪዎቻችን ምርቃት ዲቪዲ ላፕቶፔ ላይ ብዙ ቁርጥራጭ ሆኖ ነው የሚታየኝ፣ ሰው ሲንቀሳቀስ ደግሞ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ይሰነጣጠቃል። ምን ላድርግ?

መልስ

መምህር፣ ሁለቱም የተለመዱ ናቸው። ዲቪዲ ቪዲዮውን ቮብ በሚባል ፋይል ከ1 ጊጋባይት ሳያልፍ እየቆረጠ ነው የሚያስቀምጠው፣ ስለዚህ አንዱን ቁራጭ ብቻ ቢቀይሩት ዳይሬክተሩ ንግግር መሀል ላይ ይቀራሉ። ሀንድብሬክ ውስጥ ፋይል ሳይሆን ቪዲዮ ቲኤስ የሚለውን ፎልደር እንዳለ ይክፈቱት፣ ራሱ አያይዞ አንድ ያደርገዋል። ማበጠሪያው የሚመጣው የድሮው ቲቪ አንዱን ምስል ለሁለት ከፍሎ መስመር እየዘለለ ስለሚያሳይ ነው፣ ፊልተር የሚለው ጋ ገብተው ዲኢንተርሌስ የሚለውን ያብሩት። ከላይ ለጠየቀችን እህት ቪሲዲ ላይ ይሄ አያስፈልግም፣ ዲቪዲና ካሴት ላይ ግን ካልተደረገ ቆብ ሲወረወር ያለው ቦታ ሁሉ ይበላሻል። ዊንዶውስ ሜዲያ ፕሌየር አልከፍት ካለዎትም አይገረሙ፣ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ዲቪዲ ማጫወቱ ወጥቶበታል።

ጥያቄ፣ ከደሴ

የድሮ ኖኪያ ስልክ ላይ የቀረጽኩት ቪዲዮ አዲሱ ስልኬ ላይ ምስሉ አለ ድምፁ የለም።

መልስ

ፋይሉ 3ጂፒ ይሆናል፣ ድምፁ ኤኤምአር የሚባል ለስልክ ንግግር የተሰራ ኮዴክ ነው፣ አንዳንድ ማጫወቻ አያውቀውም። ስልክህ ላይ ቪኤልሲን ጫንና እዩት፣ ለዘመድ ለመላክ ከሆነ ኮምፒውተር ላይ ወደ ኤምፒ4 ቀይረው። በቴሌግራም ስትልከው ቪዲዮ ብለህ ሳይሆን ፋይል ብለህ ላከው፣ አለበለዚያ ድጋሚ ይጨምቀዋል፣ 176 በ144 የሆነ ምስል ደግሞ ከዚህ በላይ መጨመቅ አይችልም።