ሮቶው ትልቅ፣ ቧንቧው ቀጭን፦ የግራፊክስ ካርድ ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ይገጥማሉ፦ አሮጌው ካርድ ይሻላል ወይስ አዲሱ? አዳማ ላይ ስላሽ ኮምፒውተር በሚሸጥበት ቤት ሁሉ ይሄ ክርክር አለ። ከፊሉን መርጬ መልሻለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከፍራንኮ፦ «ጋሼ፣ አንድ ልጅ ጂቲኤክስ 1080 ቲአይ ሊሸጥልኝ ነው። ትንሽ ብጨምር ደግሞ አዲስ አርቲኤክስ 4060 አገኛለሁ። ቁጥሩን ሳየው አራት እጥፍ ነው። ልጨምር?»

ቁጥሩ አያታልልህ፤ እንደ ኪሎ የሚመዘን አይደለም። የፊተኛው ትውልዱን ይነግርሃል፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ማዕረጉን። 1080 ማለት የ10 ትውልድ 80 ነው። 4060 ደግሞ የ40 ትውልድ 60። አንተ እያወዳደርክ ያለኸው የድሮ ጄኔራልን ከዛሬ ሻምበል ጋር ነው።

ጄኔራሉ በ2017 ወጣ። 3584 ኮር (ስሌቱን የሚሠሩ ትናንሽ ክፍሎች) እና 11 ጊጋ ሜሞሪ አለው፤ ሜሞሪው በሰከንድ 484 ጊጋባይት ያመላልሳል። ሻምበሉ በ2023 መጣ፦ 3072 ኮር፣ 8 ጊጋ፣ በሰከንድ 272 ጊጋባይት። ወረቀቱን ብቻ ያየ ሰው አሮጌውን ይገዛል። ጨዋታ ሲከፈት ግን ሁለቱ ብዙም አይበላለጡም፤ በአዳዲሶቹ ጨዋታዎች እንዲያውም 4060 ቀደም ይላል። የአዲሱ ኮሮች ፈጥነው ይሠራሉ። ውስጡ ያለው 24 ሜጋባይት ካሽም (ትንሽ ግን ፈጣን ማከማቻ) ወደ ዋናው ሜሞሪ የሚደረገውን ምልልስ ይቀንስለታል።

የኮር ቁጥር ምን ያህል እንደሚያሳስት ማየት ከፈለግክ አርቲኤክስ 3060ን ተመልከት። እሱም ልክ እንደ 1080 ቲአይ 3584 ኮር አለው። ግን በ30 ትውልድ የካርዶቹ አምራች ኤንቪዲያ ኮሩን የሚሠራበትም የሚቆጥርበትም መንገድ ስለተለወጠ፣ የአንዱ ኮር ከሌላው ኮር ጋር እኩል አይደለም። ኮር መቁጠር የሚያዋጣው በአንድ ትውልድ ውስጥ ነው።

ለእኔ ግን ዋናው ልዩነት ሌላ ቦታ ነው። 1080 ቲአይ እስከ 250 ዋት ይበላል፣ 4060 ግን 115። ሁለት 4060 ጎን ለጎን ብታስቀምጥ እንኳ የአንዱን 1080 ቲአይ ያህል አይበሉም። መብራት ድርግም ሲል ዩፒኤስህ ሥራህን ሴቭ የምታደርግበት ጊዜ ይሰጥሃል ወይስ አብሮ ይጠፋል የሚለው እዚህ ላይ ይወሰናል። ኮምፒውተርህ ስላሽ የቢሮ ዴል ወይም ኤችፒ ከሆነ ደግሞ ፓወር ሰፕላዩ ብዙ ጊዜ ከ300 ዋት አያልፍም፣ ለካርድ የሚሆን ገመድም የለውም። አብዛኛው 4060 ራሱ አንድ ባለ 8 ፒን ገመድ ይፈልጋል። ስለዚህ ኬዝህን ከፍተህ ሳታይ ለማንም ብር እንዳትሰጥ።

አንድ ነገር ልጨምር። ኤንቪዲያ ለ10 ትውልድ ካርዶች መደበኛ የጌም ድራይቨር (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር) ማውጣት በ2025 ኦክቶበር አቁሟል። እስከ 2028 ኦክቶበር የደኅንነት ማስተካከያ ብቻ ነው የሚያገኙት። ሬይ ትሬሲንግ (የብርሃንን ጉዞ እያሰላ ጥላና ነጸብራቅ የሚሥል ዘዴ) የማይችል ካርድ ላይ ጭራሽ የማይከፈቱ ጨዋታዎችም መምጣት ጀምረዋል። እኔ ብሆን ጨምሬ 4060 እገዛለሁ። 1080 ቲአይን የማስበው በ4060 ግማሽ ዋጋ ከመጣልኝ ነው። ያኔ እንኳ በማታ አስቤ፣ በጠዋት ነው የምወስነው።

ከፖስታ ቤት አካባቢ፦ «ወንድሜ፣ ጂቲ 730 ባለ 4 ጊጋ እና ጂቲኤክስ 750 ቲአይ ባለ 2 ጊጋ አቀረቡልኝ። የመጀመሪያው ካርቶኑ ያልተከፈተ ነው፣ ሁለተኛው ስላሽ። ባለ እጥፉን ልውሰድ አይደል?»

እንዳትወስድ! ሁለቱም በ2014 የወጡ ናቸው፤ ካርቶኑ አዲስ ስለሆነ ካርዱ አዲስ አይሆንም። 730ው ባለ 64 ቢት ዲዲአር3 (ዘገምተኛው የሜሞሪ ዓይነት) ከሆነ ሜሞሪው በሰከንድ የሚያመላልሰው 14.4 ጊጋባይት ነው። 750 ቲአይ 86.4 ያመላልሳል። ግቢህ ውስጥ ትልቅ ሮቶ ተክለህ ቧንቧው እንደ ስትሮ ቢቀጥን ማለት ነው፦ ውኃው አለ፣ ባልዲው ግን አይሞላም። በኮርም ቢሆን 384 ለ640 ነው። ስላሹ 750 ቲአይ የሚበላው 60 ዋት ስለሆነ አብዛኛው ያለ ተጨማሪ ገመድ ይሠራል። ለቢሮ ኮምፒውተር ከዚህ የተሻለ ሽማግሌ አላውቅም፤ ድራይቨሩ ላይ ግን የ1080 ቲአይ ዕጣ እሱም ላይ ደርሷል።

ከዳቤ፣ እናት፦ «ልጄ አርክቴክቸር ትማራለች። አርቲኤክስ 4060 ያለው ላፕቶፕ ካልገዛሽልኝ ትለኛለች። ጎረቤቴ ደግሞ የልጁ ዴስክቶፕ 3060 ነው፣ ይበቃል ይላል። ማንን ልስማ?»

እትዬ፣ ሁለቱም ግማሹን ነው የነገሩዎት። የላፕቶፕ ካርድ ከዴስክቶፕ ካርድ ጋር ስም ይጋራል እንጂ አቅም አይጋራም። የዴስክቶፑ 3060 በመጀመሪያ ሲወጣ ባለ 12 ጊጋ ነው፣ የላፕቶፑ 3060 ባለ 6። የላፕቶፕ 4060 ደግሞ አምራቹ እንደፈለገ ከ35 እስከ 115 ዋት ድረስ ይሰጠዋል። አንድ ስም የያዙ ሁለት ላፕቶፖች ፍጥነታቸው የሰማይና የምድር ሊሆን ይችላል። ሻጩን «ካርዱ ስንት ዋት ነው?» ብለው ይጠይቁት። ካላወቀ ቻርጀሩን በእጅዎ ያንሱት። ቀጭን ላፕቶፕ ከቀላል ቻርጀር ጋር ከመጣ ስሙን አይመኑ።

ልጅዎን ደግሞ የምትሠራበትን ፕሮግራም ይጠይቋት። ለአውቶካድ ባለ ሁለት አውታር ሥዕል ትልቅ ካርድ ብር ማባከን ነው። ሬቪት ይበልጥ የሚፈልገው ጥሩ ሲፒዩና ራም ነው። የሕንፃውን ሥዕል እውነተኛ አስመስሎ የሚያሳየውን ሉሚዮን የምትጠቀም ከሆነ ግን እውነቷን ነው፤ እሱ ካርድ ይበላል።

ከቦኩ፣ የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር፦ «አርኤክስ 580 ነበረኝ። አዲስ ይሻላል ብዬ ሸጬ አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ገዛሁ። አሁን ቪዲዮ ኤክስፖርት ሳደርግ ከበፊቱ ይንቀራፈፋል፤ ማታ ማታ ጌም ስከፍትም ይቆራረጣል። ማሽኔ አራተኛ ትውልድ ኮር አይ5 ነው። ካርዱ ተበላሽቶ ይሆን?»

አልተበላሸም። እንዲህ ሆኖ ነው የተወለደው። ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም «አዲስ ይሻላል» የሚለው ምክር ከዚህ የባሰ የከሸፈበት ካርድ አላየሁም።

580 የ2017 ነው፣ 6500 ኤክስቲ የ2022። አዲሱ ውስጥ ግን አምራቹ ኤኤምዲ ቪዲዮ የሚጨምቀውን ክፍል አውጥቶታል። 580 ኤች 264 እና ኤች 265 ቪዲዮ በራሱ ቺፕ ይጨምቅ ነበር። አዲሱ ይህን ስለማይችል ሥራው ተመልሶ ምስኪኑ ሲፒዩህ ላይ ወድቋል።

ጌሙ የሚቆራረጥበት ምክንያት ሌላ ነው። ካርድ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኝበት ረጅሙ ቀዳዳ 16 መስመር አለው። 6500 ኤክስቲ የሚጠቀመው 4ቱን ብቻ ነው። አዲስ ማሽን ላይ የአንዱ መስመር ፍጥነት እጥፍ ስለሆነ ብዙም አይጎዳም። ያንተ ማሽን ግን ቢበዛ ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3 ነው። የአዲስ አዳማን ፈጣን መንገድ በአንድ መስመር ብቻ ክፍት አድርገህ አስበው፤ በአዘቦት ቀን ታልፋለህ፣ የበዓል ዋዜማ ግን እዚያው ታድራለህ። የካርዱ 4 ጊጋ ሲሞላ ትርፉ ዕቃ በዚያች ጠባብ መንገድ ከራም መመላለስ ይጀምራል። የበዓል ዋዜማው ያ ነው። ሽጠው። ማሽኑ አዲስ የሆነ ሰው ይግዛህ፣ ሲገዛ ግን እውነቱን ንገረው። 580 መልሰህ ብትገዛ ማንም አይስቅብህም።

ከዚያው ከፍራንኮ፣ ሌላ ልጅ፦ «ሻጩ ዲኤልኤስኤስ ሲበራ ፍሬሙ እጥፍ ይሆናል አለኝ። ውሸት ነው?»

ውሸት አይደለም፣ የሻጭ እውነት ነው። ዲኤልኤስኤስ የኤንቪዲያ ፍሬም (በሰከንድ የሚታየውን የሥዕል ብዛት) ማብዣ ነው፤ ውስጡ ሁለት ነገር አለ። አንዱ በትንሽ ጥራት ሠርቶ ማሳደግ ነው፤ እሱ በ2018 ከወጡት ከ20 ትውልድ አርቲኤክስ ካርዶች ጀምሮ አለ፣ ደግሞም ይጠቅማል። ሁለተኛው በሁለት እውነተኛ ፍሬሞች መካከል ሌላ ፍሬም ፈጥሮ ማስገባት ነው፤ እሱ ከ40 ትውልድ ጀምሮ ነው። ዓይንህ ይለሰልስለታል፣ እጅህ ግን ልዩነቱ አይሰማውም፤ ማውሱን ስታንቀሳቅስ ምላሹ ያው የድሮው ነው። መነሻህ 25 ፍሬም ከሆነ 50 ተብሎ የተጻፈው ቁጥር አያጫውትህም። ሁለት ካርድ ስታወዳድር መጀመሪያ ሁሉንም አጥፋና በአንድ ጌም፣ በአንድ ጥራት ተመልከት። ጂቲኤክስ ላለው ሰው ደግሞ የኤኤምዲው ተመሳሳይ ማሳደጊያ፣ ኤፍኤስአር፣ አለ፤ ከ2021 ጀምሮ በድሮ ካርዶችም ላይ ይሠራል።

ከመናኸሪያ አካባቢ፦ «ጂቲኤክስ 1060 አለኝ። ሁለት ዓመት ጥሩ ሠራ። አሁን ፋኑ እንደ ወፍጮ ይጮሃል፣ የጌሙም ፍጥነት ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይወርዳል። ጊዜው አልፎበት ነው?»

የአዳማ ነፋስ ጎብኝቶህ ነው። ኮረብታው ላይ ያሉትን የነፋስ ተርባይኖች የሚያዞረው ነፋስ አቧራውን ይዞ በመስኮትህ ይገባል። እኔም ያለኝ 1060 ነው፣ ያንተው ደርሶብኛል። ካርዱ 83 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። «ካርዱ አረጀ» የምንለው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው።

እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ጎሚስታ ጋ ወስጄ በኮምፕሬሰር አስነፋሁት። ስህተት ነበር። ከኮምፕሬሰሩ የሚወጣው አየር ውኃ ይዞ ይመጣል፤ ፋኑም በነፋሱ ኃይል ከአቅሙ በላይ ይሽከረከራል። አሁን በለስላሳ ብሩሽ ነው የማጸዳው፣ ፋኑን በጣቴ ይዤ። ከዚያ ሂትሲንኩን ፈትቼ የደረቀውን ቴርማል ፔስት ጠርጌ አዲስ ቀባሁ። ጩኸቱም ሙቀቱም ቀነሰ፣ የጌሙም ፍጥነት መውረዱን ተወ። መፍታት ካልደፈርክ ብሩሹን ብቻ ሞክር፤ ኬዙንም ከወለል ላይ አንሳው።

ከቀበሌ ቤቶች ጀርባ፦ «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ በጣም በርካሽ አገኘሁ። ፎርጅድ እንዳይሆን እንዴት ልወቅ?»

ከኋላው ሰማያዊውን የድሮ ቪጂኤ መሰኪያ ካየህ ተጠራጠር፤ የ10 ትውልድ ቺፖች ያንን መስመር ትተውታል። የ2010ን ጂቲኤስ 450 ባዮሱን (ካርዱ ስለ ራሱ የሚናገርበትን የውስጥ ጽሑፍ) ቀይረው በ1050 ቲአይ ስም የሚሸጡ አሉ። የአንዱ ኮር 192፣ የሌላው 768 ነው፤ ዊንዶውስ ግን የተጻፈለትን ስም ነው የሚያነበው። ጂፒዩ ዚ የምትባለውን ትንሽ ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዘህ ሂድ። የተለመዱትን ፎርጅዶች ለይታ ትነግርሃለች። ሻጩ «እዚህ አይከፈትም» ካለህ መልሱን አግኝተሃል።

ስም ያልጻፈ፦ «ጂፎርስ 210 አለኝ። ጂቲኤ 5 ያጫውታል?»

አያጫውትም። ጨዋታው ቢያንስ 9800 ጂቲ ይፈልጋል። እሱ 112 ኮር አለው፣ ያንተ 16።