የንጣፍ መላቀቅ ሲሙሌሽን ከሙከራው በላይ ኃይል ሲያሳይ

ሰላም ለእርስዎ። የካርቦን ፋይበርና የኢፖክሲ ናሙና ከተዘጋጀለት ስንጥቅ ተነሥቶ ሲላቀቅ፣ 1 ሚሊሜትር ርዝመት ባላቸው ኮሂሲቭ ኤለመንቶች (የንጣፎቹን መጋጠሚያና መላቀቁን በሚወክሉ የስሌት ክፍልፋዮች) አባከስ በተባለው የሲሙሌሽን ሶፍትዌር የሠሩት ሞዴል ከቤተ ሙከራው የበለጠ ኃይል እንደሚያሳይና የኃይሉ ከርቭም እንደ መጋዝ ጥርስ ከፍና ዝቅ እንደሚል ጽፈው፣ የስብራት ኢነርጂውን (በአንድ አሃድ ስፋት ስንጥቁን ለማራመድ የሚያስፈልገውን ኢነርጂ) ቀንሶ ማስተካከል ይገባ እንደሆነ ጠይቀዋል።

የስብራት ኢነርጂውን እባክዎ አይንኩት። ከናሙናው የተለካ የቁሱ ባሕርይ ስለሆነ፣ ከርቩ እንዲገጥም ብቻ ከተለወጠ ሞዴሉ ስለ ሌላ አካል የሚነግረን ነገር እምነት የሚጣልበት አይሆንም። በልምዴ እንዲህ ያለው ችግር አብዛኛውን ጊዜ የሚመነጨው ከሜሹ፣ ማለትም ሞዴሉ ወደ ኤለመንቶች ከተከፈለበት መረብ ነው። ከስንጥቁ ጫፍ ፊት፣ መላቀቅ የጀመረ ግን ገና ኃይል የሚሸከም አጭር ቀጠና አለ፤ ርዝመቱም በግምት የሚገኘው የንጣፉን የውፍረት አቅጣጫ ሞዱለስ (የግትርነት መለኪያ) በስብራት ኢነርጂው አባዝቶ፣ ለመጋጠሚያው ጥንካሬ ስኩዌር በማካፈል ነው። ሞዱለሱ 11 ጊጋፓስካል፣ ኢነርጂው 0.35 ኒውተን በሚሊሜትር፣ ጥንካሬው 60 ሜጋፓስካል ቢሆን ቀጠናው ከ1 ሚሊሜትር እምብዛም አይበልጥም። በውስጡ ቢያንስ 3 ኤለመንቶች መኖር ስላለባቸው፣ የእያንዳንዱ ርዝመት 0.35 ሚሊሜትር አካባቢ መሆን ይኖርበታል። በእርስዎ ሞዴል ግን መላውን ቀጠና አንድ ኤለመንት ብቻ ስለያዘው፣ እስኪላቀቅ ድረስ ኃይሉ ከሚገባው በላይ ይወጣል፤ ሲላቀቅም በአንድ ጊዜ ይወርዳል።

ኮምፒውተርዎ ሜሹን ማድቀቅ ካልቻለ ጥንካሬውን ወደ 30 ሜጋፓስካል ዝቅ ያድርጉ፤ ቀጠናው 4 እጥፍ ይረዝማል። ስንጥቁ አስቀድሞ ስላለ እድገቱን በዋናነት የሚወስነው ኢነርጂው ነውና ውጤቱ እምብዛም አይዛባም። ስንጥቅ በሌለበት አካል ላይ መላቀቁ የት እንደሚጀምር ለማወቅ ሲፈልጉ ግን ይህን መንገድ በፍጹም አይጠቀሙ፤ በጅማሬው ላይ ጥንካሬው ራሱ ወሳኝ ነው።

ስሌቱ እንዳይቋረጥ ቪስኮሲቲ (መላቀቁን በስሌቱ ውስጥ የሚያዘገይ ሰው ሠራሽ ዝልግልግነት) ጨምረው ከሆነ ደግሞ፣ በእርሱ የባከነውን ኢነርጂ ከጠቅላላው ጋር ያነጻጽሩ፤ ሲበዛ እርሱም ኃይሉን ከፍ ያደርጋል።

ሜሹ ከተስተካከለ በኋላ በተቃራኒው ስንጥቁ እየረዘመ ሲሄድ የሙከራው ኃይል ከሞዴሉ በላይ ከሆነ፣ ፋይበሮች ከአንዱ ንጣፍ ወደ ሌላው ተሻግረው ስንጥቁን እየያዙት ሊሆን ይችላል። ይህ ፋይበሮቹ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ በተደረደሩበት ናሙና ላይ የሚጎላ ክስተት በመሆኑ፣ ንጣፎቹ የተለያየ አቅጣጫ ላላቸው እውነተኛ አካላት ስንጥቁ መራመድ ሲጀምር የተለካውን ዝቅተኛ የኢነርጂ ዋጋ መውሰድ ይሻላል።