ድሮኑ ይቆይ፣ መጀመሪያ ደብተር ግዙ

ልጆቼ፣

ደብረ ማርቆስም ሞጣም አንዳንዶቻችሁ ኮድ የሚጽፍ፣ ራፕ የሚያወጣና ስዕል የሚሞክር ጓደኛ ሰብስባችሁ "የጥበብ ቡድን" ልታቋቁሙ እንደሆነ እሰማለሁ። ፕሮጀክተር አምጥታችሁ ግድግዳ ላይ ፖለቲካ ልታበሩ። ደስ ይለኛል። ዕድሜዬን ስዕል ሳስተምር ስለኖርኩ ግን ዝም ብዬ አላልፍም።

ስትገናኙ ወሬው ሁሉ ስለ ዕቃ ነው። ካሜራ፣ ድሮን፣ ኤአይ። ምን ልትሉ እንደፈለጋችሁ የሚጠይቅ የለም።

የኒውዮርኮቹን ጉሬላ ገርልስ እዩ። እ.ኤ.አ. በ1985 የተነሱ ሴት አርቲስቶች ናቸው። የጎሪላ ጭምብል ያጠልቃሉ፣ ስማቸውን አይናገሩም። ሰው የሚያስታውሰው ጭምብሉን ነው፤ ጉልበታቸው ግን ቆጠራው ነበር። በ1989 ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ገብተው ቆጠሩ። በዘመናዊ ጥበብ ክፍሎቹ ሥራቸው ከቀረበው አርቲስቶች ሴቶቹ ከ5 በመቶ በታች ነበሩ። ራቁት ከተሳሉት ገላዎች ግን 85 በመቶው የሴት። ቁጥሩን ፖስተር አድርገው አውቶቡስ ላይ ለጠፉት። ሙዚየሙ ምን ይበል? ማስረጃው የራሱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

እኛም ጋ የሚቆጠር ሞልቷል። የበቸና ጤፍ ገበሬው እጅ ላይ ስንት ነበር? ደጀን ሲደርስስ? አባይን ተሻግሮ እህል በረንዳ ሲራገፍስ? ሳምንት በሳምንት መዝግቡ። ያ ደብተር ከሌለ ፕሮጀክተራችሁ የሰርግ ቤት መብራት ነው።

መተራረምን ለመማር ደግሞ ሩቅ አትሂዱ። ዲማም ሆነ ዋሸራ የቅኔ ተማሪ ቀን ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ማለትም በሐሳቡ ያዘጋጃል። ከዚያ ለመምህሩ ይነግራል። ስሕተቱ ጓደኞቹ እየሰሙ ይታረማል። በማግስቱ ሌላ አዲስ ቅኔ። እናንተም ሥራችሁን ፌስቡክ ላይ ከመልቀቃችሁ በፊት ምሕረት ለማያውቅ ሰው አሳዩት። "ዋው" ባይ ጓደኛ አይጠቅምም።

የኩባንያ ሰው መስለው ኩባንያዎችን የሚያጋልጡት፣ የስ ሜን የሚባሉት የአሜሪካ አክቲቪስቶች ነገር ግን እስካሁን ከራሴ ጋር ያሟግተኛል። እ.ኤ.አ. በ1984 ሕንድ ቦፓል ውስጥ ከዩኒየን ካርባይድ ፋብሪካ ያመለጠ ጋዝ ሺዎችን ገደለ። ኩባንያውን በኋላ ዳው ኬሚካል ገዛው። አደጋው 20ኛ ዓመቱን ሲይዝ፣ ከቡድኑ አንዱ የዳው ቃል አቀባይ መስሎ ቢቢሲ ላይ ቀረበና ለተጎጂዎች 12 ቢሊዮን ዶላር እንከፍላለን አለ። ቢቢሲ የተሸወደው እነሱ በሠሩት የሐሰት ድረ ገጽ ነው። ኩባንያው "እኛ እንዲህ አላልንም" ብሎ በዓለም ፊት ለማስተባበል ተገደደ። ብልሃቱ ግሩም ነው። ቦፓል ውስጥ ግን ዜናውን አምነው የተደሰቱ ተጎጂዎች ነበሩ፤ ደስታቸው ውሎ አላደረም። እዚያ ላይ አልስማማም። ማዳበሪያ የሚጠብቅን ገበሬ "መጥቷል" ብላችሁ እንዳትቀልዱበት።

ድሮን ያለ ፈቃድ አታንሱ። በነገራችን ላይ፣ ከመካከላችሁ አንዱ በሕግ ቢጠየቅ ማን ከጎኑ እንደሚቆም ገና ስትመሠረቱ ተነጋገሩ፤ በኋላ ሁሉም ስልኩን ያጠፋል።

ጤፉን ስትመዘግቡ ገበሬውን አስፈቅዱ። ፊቴ አይታይ ካለ፣ ሚዛኑን ብቻ ቅረጹ። ቪዲዮውንም ሁለት ቦታ አስቀምጡት፤ አንዱ እናንተ ቤት አይሁን።