መድኃኒት ከአፈር፦ የሐዋሳ ጠያቂዎችና መልሶቼ

ሐዋሳ ውስጥ ማይክሮባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ አፈር ባክቴሪያ ያሻችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። እነሆ መልሶቼ።

መምህር፣ እውነት ከአፈር መድኃኒት ይወጣል?

ይወጣል፤ ከወጣም ቆየ። ቲቢን ማከም የቻለው የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ ስትሬፕቶማይሲን በ1943 እ.ኤ.አ. የተገኘው ከአፈር ባክቴሪያ ነው። ለወንዝ ዳር ዓይነ ስውርነት በየገጠሩ የሚታደለው መክቲዛንም መነሻው ጃፓን ውስጥ ከተዘገነ አፈር ነው።

ታዲያ አዳዲሶቹ ለምን ጠፉ?

አብዛኛው የአፈር ባክቴሪያ ላብራቶሪ ውስጥ እምቢ ይላል። ከመቶ አንዱ ቢያድግ ነው። እኛ ሳህን ላይ ድግስ እናቀርብለታለን፤ እሱ የለመደው ችጋር ነው። አንዳንዱ ጎረቤቱ የሚያመነጨውን ነገር ካላገኘ አይራባም። በቀላሉ የሚያድጉትን ደግሞ ደጋግመን ስለፈተሽናቸው ያው የምናውቀው መድኃኒት ተመልሶ ይመጣል።

መላ አልተገኘለትም?

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! ቦስተን ያሉት ተመራማሪዎች ኪም ልዊስና ስላቫ ኤፕስታይን ከባልደረቦቻቸው ጋር ባክቴሪያውን እዚያው አፈሩ ውስጥ አሳደጉት። አይቺፕ የሚባል፣ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ሰሌዳ አላቸው። አፈሩ በውሃ ተበጥብጦ ይቀጥናል፤ በየቀዳዳው አንድ አንድ ባክቴሪያ እንዲገባ። ከዚያ ሰሌዳው በሁለት በኩል በስስ ሽፋን ይዘጋል። ሽፋኑ ባክቴሪያውን አያሳልፍም፣ የአፈሩን ንጥረ ነገር ግን ያሳልፋል። ከዚያ መልሶ አፈር ውስጥ መቅበር ነው። በዚህ መንገድ ግማሽ ያህሉ አደገ። ከአሜሪካ ሜይን ግዛት ሣር ሜዳ የመጣው ቴይክሶባክቲን የተባለ አንቲባዮቲክ በ2015 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው እንዲህ ነው። ጀርሙ ግድግዳውን የሚሠራበትን ጥሬ ዕቃ ይዞ ያስቀርበታል። ግራም ኔጋቲቭ የሚባሉትን፣ ተጨማሪ የውጭ ሽፋን ያላቸውን ባክቴሪያዎች አብዛኞቹን ግን አይገድልም፤ ይሄ ያሳዝነኛል፣ እነሱም በጣም አስቸጋሪ ናቸውና።

ጋሼ፣ የእኛ አፈርስ? ሻላ ፍል ውሃው አጠገብ ቢሞከር?

ቢሞከር ደስታዬ ነው። የሻላ ውሃ ሶዳ የበዛበት ነው፤ እዚያ የሚኖረው ባክቴሪያ ከጓሯችን ይለያል። ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ቴይክሶባክቲን የተገኘው 10,000 ያህል ባክቴሪያ ተፈትሾ ነው። አፈሩን ለመውሰድም ፈቃድ አውጡ።

እናቴ ቁስል ላይ አፈር ነስንሺ ትለኛለች። ልክ ናት?

እህቴ፣ በፍጹም! መንጋጋ ቆልፍ የሚያመጣው ባክቴሪያም የሚኖረው አፈር ውስጥ ነው። ቁስሉን በንጹህ ውሃና በሳሙና እጠቢው። ጥልቅ ከሆነ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ስለ ክትባቱም ጠይቂያቸው።