የጎጆህን ግድግዳ የሚያርሰው ዝናቡ አይደለም

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ በካስኬድ ተራሮች ግርጌ፣ የመብራት መስመር በማይደርስበት መሬት ላይ የሠራሃት የእንጨት ጎጆ ግድግዳዋም ጣሪያዋም በፋይበርግላስ (ከመስታወት ክር በተሠራ የሙቀት መከላከያ) በሚገባ ተሸፍኗል፤ ጣሪያው አያፈስስም። ሆኖም ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ውሃ ያንጠባጥባል፣ ከፍራሹ ሥርና ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ጥቁር ሻጋታ ወጥቷል። «የሙቀት መከላከያውን ላወፍረው ወይስ እርጥበት የሚመጥ መሣሪያ ልግዛ?» ብለሃል። እኔም በዚያው በዋሽንግተን ግዛት፣ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ በማይለየው የተራራው ምዕራባዊ ወገን ተመሳሳይ ጎጆ አለኝ። ሁለቱንም ለጊዜው ተዋቸውና መጀመሪያ ማሞቂያህን ተመልከት።

ጭስ ማውጫ የሌለው የፕሮፔን ማሞቂያ እንደምትጠቀም ጽፈሃል። የጋዝ ሙቀት ቤት የሚያደርቅ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ፕሮፔን ሲነድ ውሃ ይፈጠራል፤ 1 ኪሎ ግራም ጋዝ ተቃጥሎ ሲያልቅ 1.6 ኪሎ ግራም ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ጭስ ማውጫ ከሌለ ይህ ሁሉ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። በዚያ ላይ ሁለት ሰው ሲተነፍስ ያድራል፣ ወጥ ይሠራል፣ ቡና ይፈላል፣ ዝናብ የመታው ካፖርት ምድጃው አጠገብ ይሰቀላል።

20 ዲግሪ ሴልሺየስ የሞቀ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 17 ግራም የውሃ እንፋሎት መያዝ ይችላል፤ ዜሮ ዲግሪ ላይ የሚይዘው ግን 5 ግራም አይሞላም። ስለዚህ ሞቃቱ አየር ቀዝቃዛ ነገር በነካ ቁጥር የተሸከመውን ውሃ ያራግፋል። መጀመሪያ የሚያራግፈው መስታወቱ ላይ ነው፤ ቀጥሎ ሙቀት የማይደርስባቸው የቁም ሣጥኑ ጀርባና የፍራሹ ሥር ይረጥባሉ። ትኩስ እንጀራ ሳይበርድ በላስቲክ ሲጠቀለል አልቦ እንደሚሻግት ሁሉ፣ በደንብ የታሸገች ጎጆም እንፋሎቷ መውጫ ካጣ የሚገጥማት ይኸው ነው። መከላከያውን ብታወፍረው ግድግዳው ትንሽ ይሞቅልህ ይሆናል፤ ውሃው ግን የትም አይሄድም።

እኔ ጭስ ማውጫ ያለው የእንጨት ምድጃ አስገባሁ። እንጨት ሲነድም እንፋሎት ይወጣዋል፤ ነገር ግን በጭስ ማውጫው በኩል ወደ ውጭ ይሄዳል፤ ምድጃውም የክፍሉን እርጥብ አየር አብሮ እየሳበ ያስወጣል። መስኮቴ መንጠባጠቡን የተወው ከዚያ በኋላ ነው። በጋዝ መቀጠል ከፈለግህ የሚቃጠልበትን አየር ከውጭ ስቦ ጭሱንም ወደ ውጭ የሚያወጣ ዓይነት የፕሮፔን ማሞቂያ አለ፤ ዋጋው ከፍ ቢልም ያዋጣል።

ሁለተኛው ነገር አየር ማናፈስ ነው። «ውጭው እየዘነበ መስኮት ብከፍት እርጥበት አላስገባም ወይ?» ማለትህ አይቀርም። አታስገባም። በዝናብ ቀን እንኳ 5 ዲግሪ የሆነ የውጭ አየር ገብቶ ወደ 20 ዲግሪ ሲሞቅ አንጻራዊ እርጥበቱ (ሊይዝ ከሚችለው እንፋሎት ውስጥ የያዘው ድርሻ) ወደ 40 በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ ማለትም ደረቅ አየር ነው። እኔ ከወለሉ አጠገብ አንድ ትንሽ መግቢያ ከፍቼ፣ በማዶው ግድግዳ ከጣሪያው ሥር በ12 ቮልት የምትሠራ ማራገቢያ ገጥሜአለሁ። 3 ዋት የምትወስድ ማራገቢያ ቀንና ሌሊት ብትዞር 72 ዋት ሰዓት ብቻ ነው የምትፈጀው፤ ይህን የታኅሣሥ ደካማ ፀሐይም ይችለዋል። እርጥበት የሚመጠው መሣሪያ ግን ብዙውን ጊዜ ከ300 ዋት በላይ ይጠይቃል፤ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ውስጡ በረዶ ስለሚይዝ እምብዛም አይሠራም። በሶላር ለምትኖር ጎጆ አልመክረውም።

ግድግዳውን ስትሠራ እንፋሎት የሚያግደውን ፕላስቲክ በየትኛው በኩል አደረግኸው? በዚህ ቅዝቃዜ ቦታው በውስጥ፣ ሙቀት ባለበት በኩል ነው። በሁለቱም በኩል ከሆነ በመካከል የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። የመብራት ሽቦ ያለፈባቸውን ቀዳዳዎችም በቴፕ ድፈናቸው። ወለሉ ሥር ያለው አፈር ባዶውን ከሆነ ወፍራም ፕላስቲክ አንጥፍበት፤ ከመሬት የሚወጣው እርጥበት ቀላል አይደለም። አልጋውን ከውጩ ግድግዳ ፈቀቅ አድርገህ ፍራሹን በርብራብ ላይ አስቀምጠው።

ሻጋታ የያዘውን እንጨት በሳሙናና በብሩሽ ፈግፍገህ በደንብ አድርቀው፤ አፍንጫህን በጥሩ ጭምብል ሸፍን። በረኪና እንጨት ላይ አልወድም፤ ቀለሙን ቢያነጣውም ውስጥ ድረስ የገባውን ሻጋታ አያጠፋውም። ፍራሹ ውስጡ ድረስ ከሸተተ ጣለው።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምንሃለሁ፤ ጋዙ ሲያልቅ ከሰል ወደ ውስጥ እንዳታስገባ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2006 በዚሁ ግዛት ብርቱ አውሎ ነፋስ መብራት ባጠፋ ጊዜ፣ ለሙቀት ብለው ቤት ውስጥ ከሰል ያነደዱ ብዙ ሰዎች በካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታም ቀለምም በሌለው መርዛማ ጋዝ፣ ተመርዘዋል፤ የሞቱም አሉ። ከተጎዱት ብዙዎቹ እንደኛው ስደተኞች ነበሩ። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ዛሬውኑ አልጋህ አጠገብ ስቀል፤ ማሞቂያህን እስክትለውጥ ድረስም መስኮቱን ገርበብ ሳታደርግ አትተኛ።

የእርጥበት መለኪያ ዋጋው ትንሽ ነው። አንዱን ቁም ሣጥኑ ጀርባ፣ አንዱን ክፍሉ መካከል አስቀምጥና ጠዋት ከመነሣትህ በፊት የሚያሳየውን ጻፍልን። ከ50 በመቶ በታች ከሆነ መልካም ነው፤ ከ60 ካለፈ ግን የግድግዳውን ፎቶግራፍና የማሞቂያውን ዓይነት ጨምረህ ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን።